የጎረቤቴ ጎመንና የእኔ ደም

አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ባቱ ሲነካ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂዱ። ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። እኔ እንደዚያ አላደረግሁም፤ ስላላደረግሁም ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አሰላ ውስጥ ከመሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ባለጉዳይ እያለቀሰም እየተሳደበም የሚነግረኝን ለአለቃ በሚገባ ቋንቋ አስተካክዬ አቀርባለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሌላውን ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ ራሴን አስተምሬያለሁ። በዚህ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጥ ግድ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲውል ደሙም አብሮት እንደሚቀመጥ ግን አላነበብኩም ነበር።

ከበሽታዬ በፊት ስለ ቅናቴ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባችሁም። ጎረቤቴ ሁሴን ከብቅል ፋብሪካ ጥበቃ ጡረታ የወጣ እኩያዬ ነው። ሰፈሩ በመጀመሪያ ልጁ ስም አባ ነጃት ይለዋል። ከአጥራችን ማዶ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ያለማል፤ ጠዋት ጠዋት ጎመኑን በጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ያለ እረፍት ይወጣል። እኔ በዚያው ዳገት ላይ ሰላምታ የምሰጥ መስዬ ሦስቴ እቆማለሁ። ጥርሱ ሙሉ ነው። መነጽር አያደርግም። በሰው ሀብት ቀንቼ አላውቅም፤ በሰው ጉልበት ግን ስቀና ኖሬያለሁ።

የግራ እግሬ ያበጠ ጊዜ ምክንያቱን ወዲያው ያገኘሁት መሰለኝ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ነው አልኩ። ባለቤቴ አስካለ ሙቅ ውኃ አቀረበችልኝ፤ አልቀነሰም። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ልጅ እግሬን አየና "ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተው" አለኝ። እኔ ደግሞ ሥጋ የምወድ ሰው ነኝ። እያዘንኩ ተውኩት፤ እብጠቱ ግን አልተወኝም። ቀጥሎ በዘመድ ምክር ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ።

"ጅማቱ ተሸማቅቋል" አለ ወጌሻው፣ እጁን ቅባት እየቀባ። "ትንሽ ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?"

ወንድ መሆኔን ላስመሰክር ብዬ ጥርሴን ነክሼ ታሸሁ። በማግስቱ ደረቴን እንደ ጦር ወጋኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ከአልጋዬ እስከ በሩ መሄድ ዳገት ሆነብኝ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። እግሬን በአልትራሳውንድ አስነስታ፣ ደረቴንም አስመርምራ፣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አባቴ፣ እግርዎ ውስጥ ደም ረግቷል። ከረጋው ተቆርሶ ሳንባዎ ገብቷል። ይህን እግር ያሸው ሰው አለ?"

"ወጌሻ አሽቶኛል።"

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "እግዚአብሔር ነው ያተረፈዎት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያበጠ እግር የሚያሹ ሰዎች ሳይ ሮጬ እጃቸውን መያዝ ያምረኛል።

ተኝቼ ታከምኩ። ወጪው ቤቱን አናጋው፤ አስካለም በእኔና በቤቱ መካከል ስትመላለስ ከሳች። ሌሊት ሌሊት ትንፋሼን እያዳመጥኩ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይመጣ ይሆን እያልኩ አነጋ ነበር። ቀን ለምርመራ ወረፋ ስጠብቅ ደግሞ የማየው የሰው እግር ብቻ ነው። የዘበኛው እግር፣ ሻይ የምታዞረዋ ሴት እግር፣ ልጇን አቅፋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትወጣው እናት እግር። ሁሉም ሳያመሰግኑ ይራመዳሉ። ባሏን ለማስታመም ከዲክሲስ የመጣች አንዲት ሴት የእኔ እግር መንጠልጠሉን አይታ፣ ከአግዳሚው ተነሥታ እግሬን አንሥታ አሳረፈችልኝ፤ ጋቢዋንም አጥፋ ከሥሩ ደረበችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ባሏ በእግሩ ሲወጣ ግን አይቼ ቀናሁበት። ይኸው ነው ተፈጥሮዬ።

ስወጣ ሐኪሟ አንድ እንክብል አዘዘችልኝ። ዋርፋሪን ይባላል፤ ሰው "ደም ማቅጠኛ" ይለዋል። ደሙን እንደ ወጥ አያቀጥነውም፤ ቶሎ እንዳይረጋ ብቻ ያዘገየዋል።

"ሲያንስ ደምዎ ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማሉ" አለችኝ። "በሕይወት የሚቆዩት በመካከሉ ነው። ስለዚህ በየጊዜው እየመጡ እንመረምርዎታለን። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ አንድ ጊዜ እያበዙ አንድ ጊዜ እየተዉ እንዳይለዋውጡ። ከለወጡ ይንገሩኝ።"

ቆጣ አልኩ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ዶክተር። ቅጠል በጣሽ ቤት ረግጬ አላውቅም።"

"በጣም ጥሩ ነው" አለች ፈገግ ብላ። ደጅ ብዙ ሰው ይጠብቃት ነበር።

ልብ በሉ። እሷ "ቅጠላ ቅጠል" ስትል ምግብ ማለቷ ነው። እኔ የሰማሁት ሥር የሚምስ፣ ቅጠል የሚበጥስ፣ በጨለማ የሚጠና የባህል መድኃኒተኛ ነው። ሁለታችንም ተደስተን ተለያየን። ልጄ ምሕረት አብራኝ ልትገባ ፈልጋ "ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብዬ ደጅ አስቀርቻታለሁ። ስለ ሥነ ምግብ የምትማር ልጅ ናት፤ ገብታ ቢሆን በዚያች ደቂቃ ነገሩ ይቃና ነበር። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ የሚሰማላችሁ ሰው ይዛችሁ ግቡ። ሰው የሚነገረውን ሁሉ በገዛ ራሱ መዝገበ ቃላት ነው የሚፈታው።

ቤት እንደገባሁ ሁሴን ሊጠይቀኝ መጣ። እጁ ባዶ አልነበረም፤ አንድ እቅፍ ጎመን ይዟል።

"አካም ቡልቴ፣ ያ ታደሰ! እስቲ እግርህን አሳየኝ።" በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ብሎኝ ብርድ ልብሱን ገለጠ። "ይሄ እግር ነው? የቦካ ሊጥ ነው እንጂ!"

"ያንተን ይስጠኝ" አልኩት። የምሬን ነበር።

"ጎመን ብላ፣ ይሰጥሃል። 'ጎመን በጤና' ብላችሁ የምትተርቱት እናንተ፣ ጎመኑን የምበላው እኔ!"

አስካለ ከት ብላ ሳቀች። በእኔ ንግግር እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ በእርግጥ እኔም የሚያስቅ ነገር ተናግሬ አላውቅም። በቤታችን ጎመን የሚበላው ሌላ ሲጠፋ ነበር። አባቴ "ጎመን የጨነቀው ምግብ ነው" ይል ነበር፤ እኔም ይህን ለልጆቼ አውርሻለሁ።

ይህ አልበቃ ብሎ ምሕረት ወንበሯን ወደ ሁሴን አስጠግታ ማስረዳት ጀመረች።

"እውነቱን ነው እኮ የሚለው። ጋሼ ሁሴን፣ ጓሮህ ውስጥ ያለው ሁሉ አንቲኦክሲደንት ነው። ጎመኑ በለው፣ ካሮቱ በለው፣ ቀይ ሥሩ በለው።"

"አንቲ… ምንድን ነው እሱ? በሽታ ነው?"

"አይደለም፣ በሽታ ይከላከላል ነው የምልህ!"

"እኔኮ ሳላውቀው ዶክተር ነኝ ማለት ነው" አለ ሁሴን፣ ጉልበቱን እየመታ። ልጄ በአድናቆት ታየዋለች። እኔን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። የተኛሁ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲሄዱ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ያዝኩ። ያገኘሁትን በእኔ ቋንቋ ላስረዳችሁ። ድንች ተልጦ ሲቀመጥ ይጠቁራል፤ አየር ነክቶት ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት ይቆያል። በሰውነታችንም ውስጥ ምግብ ኃይል ሲሆን እንደ ፍንጣሪ ያሉ ጎጂ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ የሲጋራ ጭስና ሌላም ይጨምራቸዋል። ፍንጣሪው ሲበዛ ሥጋችንን ይጎዳል፤ ከብዙ በሽታም ጋር ስሙ ይነሣል። አንቲኦክሲደንት የሚባሉት ፍንጣሪውን የሚያበርዱ ናቸው። አንዳንዱን ሰውነት ራሱ ይሠራል፤ ሌላውን ከአትክልት፣ ከፍራፍሬ፣ ከጥራጥሬ እናገኛለን። ይህን ሳነብ ለጤናዬ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። "ሁሴን የሚበልጠኝ በዚህ ነው፤ በዚሁ እበልጠዋለሁ" ነው ያልኩት።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ በሕመሜ ምክንያት እንዳልጾም ፈቅደውልኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ጾም ከሆነ ጎመን ለምን አበዛህ የሚለኝ አይኖርም።

"አስካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎመን ይሠራልኝ። ከገበያ ግዢ። ከአጥር ማዶ አንዲት ቅጠል እንዳታስገቢ።"

"ገበያ ያለውስ የማን ነው? ለነጋዴዋ የሚያስረክባት አባ ነጃት አይደል?"

"ከገበያ ብያለሁ!"

ጠዋት ጎመን፣ ምሳ ጎመን፣ ማታ ጎመን ሆነ። ጥሬውንም በመፍጫ እያስፈጨሁ ጠጣሁ፤ ጣዕሙ እንደታጨደ ሣር ነው። ሁሴን አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ እጨልጠዋለሁ።

"ያ ታደሰ፣ ቀስ! ለላሜም አስተርፍላት!" ይለኛል።

ለምርመራ ስሄድ ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። "ደምዎ ቶሎ እየረጋ ነው። እንክብሉን በትክክል ይወስዳሉ?"

"አንድም ቀን አላጎደልኩም።"

"ምግብ ለውጠዋል?"

"ያው ጾም ነው።"

"እኔም እየጾምኩ ነው" አለች። ሽሮና ምስር መስሏት ነው። እዚህ አገር "ጾም ነው" ከተባለ ማንም ተጨማሪ አይጠይቅም፤ ቃሉ በር ይዘጋል። የእንክብሉን መጠን ጨመረችልኝ። በሚቀጥለውም ምርመራ ደሜ ገና ይረጋ ነበር፤ ደግማ ጨመረችልኝ። እግሬ እንደገና ከበድ ብሎኝ ነበር፤ እኔም ጎመኑ ያነሰኝ መስሎኝ ደረብኩበት። በአንድ እጄ እንክብሉን፣ በሌላው እጄ እንክብሉን የሚሽረውን እወስዳለሁ፤ የሚጎትቱት ሁለቱም እኔን ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ቀርቦ ከጎኑ ጎመን ነበር። ምሕረት ፊቴን አይታ ደስ አላት።

"አባዬ፣ ፊትህ ተመለሰ እኮ! ጋሼ ሁሴንን ማመስገን አለብን፤ ጎመን ያስለመደህ እሱ ነው።"

ሰሃኑን ገፋሁት። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጎመን እንዳይገባ።"

"እንዴ፣ ምን አልኩ?"

"ሰምተሻል።"

ጾሙን ሙሉ የበላሁትን በአንድ ቃል አቋረጥኩ። ዶሮ፣ ክትፎ፣ ከጢቾ ዘመድ የላከልኝ ጭኮ፣ ማለት በቅቤ የራሰው የገብስ ምግባችን፣ ይህ ብቻ ሆነ ማዕዴ። እንክብሉ ግን በጨመረችልኝ መጠን ቀጠለ። አሁን የሚይዘው ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያ ጥርሴን ስፋቅ ድዴ ደማ። ቀጥሎ ክንዴ ላይ የት እንደተመታሁ የማላውቀው ሰማያዊ በለዝ ወጣ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ሰገራዬ እንደ ቅጥራን ጠቆረ። ይህን በአደባባይ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን አፍረው የሞቱ ሰዎች ስላሉ እጽፈዋለሁ። የጠቆረ ሰገራ የውስጥ መድማት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። እኔ ግን አንድ ቀን ልጠብቀው ብዬ አደርኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ምድር ዞረችብኝና ደጃፌ ላይ ወደቅሁ።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር ባጃጅ ወደ ሰፈራችን ለመግባት አይደፍርም። የአስካለን ጩኸት ሰምቶ ሁሴን አጥሩን ዘለለ። ልብ በሉ፣ ዘለለ። ጎንበስ ብሎ በጀርባው አዘለኝና በጭቃው ወደ አስፋልቱ ወረደ። ጆሮዬ አንገቱ ላይ ነበር፤ ትንፋሹን አዳመጥኩ። አይቆራረጥም። እየደማሁ፣ በሰውየው ጀርባ ላይ ሆኜም ቀናሁበት።

"ያ ታደሰ፣ ክትፎው ነው እንዴ እንዲህ የሚከብደው?"

"ዝም ብለህ ሂድ።"

"ተናገር፣ ተሳደብ፤ ብቻ እንዳትተኛብኝ" አለኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሆስፒታል እንክብሉን አስቆሙኝ፣ መርፌ ወጉኝ፣ ደም ሰጡኝ። ነፍሴ ስትመለስ ሐኪሟ የበላሁትን ከቁርስ እስከ እራት ትጠይቀኝ ጀመር። በዚህ ጊዜ አስካለንና ምሕረትን ማስወጣት አልቻልኩም።

"ጾሙን ምን ሲበሉ ከረሙ?"

"የጾም ምግብ ነዋ" አልኩ።

"ጎመን!" አለች አስካለ። "ዶክተር፣ ከጎመን በቀር አፉ አልገባም። ሲበላው ውሎ ጥሬውን ደግሞ ይጠጣዋል። በፋሲካ ተነሥቶ እርም አለ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቅጠላ ቅጠል ከለወጡ ይንገሩኝ ብዬዎት አልነበረም?"

"ጎመን ነው እንዴ ቅጠላ ቅጠል?"

"ምን መስሎዎት ነበር?"

"ቅጠል በጣሽ…"

ሳቋን ልትይዝ ሞከረችና አልቻለችም። ምሕረትም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አስካለ ግን አልሳቀችም። "ልትሞት ነበር እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ለጎመን። ልትሞትብኝ ነበር።"

ሐኪሟ አስረዳችን። እንደ ጎመን ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ የሚባል ነገር አላቸው፤ ሥራው ደም እንዲረጋ መርዳት ነው። የእኔ እንክብል ደግሞ የሚያዘገየው ይህንኑ ሥራ ነው። ጎመኑን ሳበዛ እንክብሉ ተሸነፈ፤ ጎመኑን ስተው እንክብሉ ያለ ተቃዋሚ ቀረ።

"የወጋንዎትን መርፌ ያውቁታል?" አለችኝ። "ቫይታሚን ኬ ነው። የጣሉትን ጎመን በመርፌ መለስንልዎት።"

"ስለዚህ አንቲኦክሲደንቱ ነው የጎዳኝ?"

"እሱ ምንም አላደረገዎትም። ጎመን ጥሩ ምግብ ነው፤ ይብሉ። ግን በጾምም በፍስክም፣ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን። መድኃኒቱን እኛ በጎመንዎ ልክ እናስተካክላለን። የማንችለው ጠባይዎን ማስተካከል ነው።"

የመጨረሻዋን ቃል ምሕረት ነግራት እንደሆነ አላውቅም።

አሁን የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የእናንተን ለእናንተ ሐኪም ተዉት። አትክልትና ፍራፍሬ መብላት ከብዙ በሽታ ለመጠበቅ ይረዳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የትኛው ንጥረ ነገር ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ሊቃውንቱም ገና ይከራከራሉ። በእንክብል መልክ የሚሸጠው አንቲኦክሲደንት የምግቡን ያህል እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም፤ ለአንዳንዱ ሰው ጉዳት እንዳለውም ሐኪሟ ነግራኛለች። ጎመን የረጋ ደም አይፈታም። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ጾመኞች ደግሞ "ጾም ነው" ብላችሁ አትለፉ። በጾሙ ምን እንደምትበሉ፣ ምን ያህል እንደምትበሉ፣ ሲፈታ ምን እንደምትተዉ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪሞችም ብትሆኑ "ጾም ነው" ሲባል "በምን?" ብላችሁ ጠይቁ።

ካገገምኩ በኋላ እንክብሉን እንደገና ጀመርኩ። አስካለ ጎመኑን በአንድ ጭልፋ እየለካች ትሰጠኛለች፤ ብትለምናት አትጨምርም፣ ብትቆጣት አትቀንስም። ምሕረት በየምርመራው አብራኝ ትገባለች፤ እኔ አንድ ቃል ስናገር እሷ ሦስት ትጨምራለች። ጠረጴዛዬ ዘንድ ደግሞ አንድ ማመልከቻ በጨረስኩ ቁጥር ተነሥቼ እስከ አደባባዩ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ባለጉዳይ ቢያጉረመርምም አልቀመጥም። የደሜ ውጤት ልክ ሆኖ ሰነበተ። እብጠቱ ሟሸሸ። በመጨረሻ ሐኪሟ ደግማ ደጋግማ መርምራኝ እንክብሉን አስቆመችኝ።

ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ከሁሴን ጋር ዳገቱን ስንወጣ፣ ከመካከል ላይ ቆመ። ጆንያውን አውርዶ ግንቡን ተደገፈ። እኔ ቀድሜው ነበርና ቆሜ ጠበቅሁት። በሕይወቴ እሱን ቆሜ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ አየሁ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ጠዋት ነበር።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኩት።

"እኔ? ጎመን የሚበላ ሰው ምን ይሆናል ብለህ?"

"ጎመን ምግብ ነው፣ ሁሴን። ሐኪም አይደለም። ተነሥ።"

"ቅናትህ ነው እንዲህ የሚያናግርህ" አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ግን ትንፋሽ አጠረው። ጆንያውን ተሸክሜ፣ እጁን ይዤ ቁልቁል ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኩት።

ስሙ ተጠርቶ ሲገባ በጆንያው አጠገብ ቀረሁ። አግዳሚው ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ በኮሪደሩ ተመላለስኩ። በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ፤ ሌላ ሰው ነው። ብዙ ሰዓት ስለራሴ የጸለይኩበት ቦታ ነው፤ ለሌላ ሰው እዚያ ስጸልይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጤነኛ ሆኖ ይውጣልኝ አልኩ። ጆንያውን ተሸክሞ እየሳቀብኝ ዳገቱን ይቅደመኝ፣ ልጄም እሱን ታድንቅ፣ እኔም እንደ ልማዴ ልቅናበት።